ለአባ ክንፈ አፈር ፍለጋ፤ ከገዳሪፍ እስከ ሶባ

ይህን የምጽፈው ወደ ናቃና ወደ ሶባ ለማትሄዱ ሰዎች ነው። ባለመሄዳችሁ አትዘኑ። እኔ ሄጄ ያተረፍኩት የጉልበት ሕመምና አንድ ያላለቀ ቀኖና ነው።

ስሜ ደሴ ይባላል። እዚህ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ያለን የጎንደር ሰዎች አያ ደሴ ይሉኛል። አገር ቤት ሳለሁ ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጬ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ደርግ መጥቶ ነገሩ ሁሉ ሲደፈራረስ ቤተሰቤን ይዤ በመተማ በኩል ወጣሁ፤ አሁን ሰሊጥ ለሚያጭዱ ልጆች ደብዳቤ እጽፋለሁ። ዕድሜዬን ሲጠይቁኝ ስድሳ ስምንት እላለሁ። ይህን ማለት ከጀመርኩ ግን ጥቂት ዓመት ሆኖኛል።

ያስነሣኝ የአባ ክንፈ ነገር ነው። አባ ክንፈ የመንደራችን ቄስና የነፍስ አባቴ ናቸው፤ አብረውን ተሰደዱ። በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ታመው አልጋ ያዙ። ሐኪሙ አይቷቸው «ቤታቸው ውሰዷቸው» አለን። ምን ማለቱ እንደሆነ ከሁላችንም ቀድመው የገባቸው እሳቸው ናቸው። ሰብስበውን እንዲህ አሉ፦ «ስሞት ቋራ ውሰዱኝ፤ ከሚካኤል ቅጥር ቅበሩኝ። ደብር ቆሞበት በማያውቅ ምድር አልተኛም።»

ይህን ማለት ለሚተኛው ቀላል ነው። ለሚሸከመው ግን ድንበሩ ላይ ወታደር አለ፤ ከወታደሩ ወዲያ ደግሞ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጠመንጃ አለ። በዚያ ወር ብቻ ሊሻገሩ ሄደው ያልተመለሱ ነበሩ። ቢሆንም አራት ልጆች «እኛ እንሸከማለን» ብለው ተነሡ። ቀድሞ የተነሣው ልጄ ይርጋ ነው። የነፍስ አባት ቃል አይታጠፍም ብዬ ያስተማርኩት እኔው ስለሆንኩ አፌን ይዤ ቀረሁ።

ሦስት ቀን አሰብኩና አልጋቸው ሥር ሄጄ ተቀመጥኩ።

«አባ፣ በዚህ አገርም እኮ ጥንት ክርስቲያን ነበረ። ጳጳስ ነበረው፤ ሶባ በሚባል ከተማ ታላላቅ ደብር ነበረው።»

«ማን አለህ?»

«መጽሐፍ ላይ አይቻለሁ።»

«መጽሐፉን ያየኸው አንተ ነህ፤ እኔ አላየሁም። ሂድና በዓይንህ አይተህ ና። ደብሩ ከቆመበት አፈር ዝገንልኝ። እውነት ከሆነ አፈሩን ትጨምሩብኛላችሁ፤ እዚሁ እተኛለሁ።»

«ሐሰት ከሆነስ?»

«ሐሰት ከሆነ የልጅህ ትከሻ ሰፊ ነው» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

የመንገድ ፈቃድ ለማግኘት የስደተኞች ጽሕፈት ቤት ወዳለበት ሾዋክ ሄጄ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተሰለፍኩ። ጸሐፊው የጉዞዬን ምክንያት ጠየቀኝ።

«ቤተ ክርስቲያን ልሳለም።»

«የት ያለ ቤተ ክርስቲያን?»

«ፈርሷል።»

ቀና ብሎ አየኝና ማኅተሙን መታልኝ። ለጤነኛ ሰው ይህን ያህል የሚፈጥኑ አይመስለኝም።

በመጀመሪያው ቀን ከገዳሪፍ በጠዋት በአውቶቡስ ተነሣሁ። ከመቀመጫዬ ሥር አንድ የሽቦ ምንጭ ጨርቁን ቀዶ ወጥቶ ነበር፤ እስከ ካርቱም ድረስ ከእኔ ጋር ሲጣላ ሄደ። በመስኮት የሚታየው ሜዳ ነው። ከሜዳው ቀጥሎ ማሽላ አለ፤ ከማሽላው ቀጥሎ ሜዳው ይመለሳል። የእኛ አገር መንገድ ቢያንስ ገደል አለው። ሰው ይፈራል፣ ይጸልያል፣ ሹፌሩን ይለማመጣል፤ በዚያ መካከል ሰዓቱ ይሄዳል። እዚህ የሚፈራ ነገር ስለሌለ ሰው ዝም ብሎ ይደክመዋል።

መዳኒ ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫው ደግሞ ከፈነዳው የባሰ ሆኖ ተገኘ። ከመንገዱ ዳር ሻይ የምትሸጥ አንዲት ሴት ወገቤን ይዤ ስቃትት አየችኝና ሳትጠይቀኝ አልጋዋን ከጎጆዋ ጎትታ አወጣችልኝ። አንገረብ ይሉታል፤ የእኛው የጠፍር አልጋ ነው። ተኛሁበት። የአገሬን አልጋ ባዕድ አገር ማግኘቴ ሆዴን አባባው መሰለኝና እንባዬ መጣ፤ በኋላ ሳየው ግን የሽቦው ቁስል ነበር። ጎማው ሲሠራ ቀሰቀሰችኝ። የሻዩን ሒሳብ አልቀበልም አለች። «አንተ አባቴን ትመስላለህ» አለችኝ። አባቷ በሕይወት እንዳለ ብጠይቃት የለም አለች። እዚያው ላይ ነገሩን ተውኩት።

ካርቱም ስደርስ ሐጅ እድሪስ ቤት አረፍኩ። ሐጅ እድሪስ የጎንደር ልጅ ነው፤ አብረን ነው ያደግነው። ካርቱም ጨርቅ ሲሸጥ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ከእሱ ጋር በኖርነው ወዳጅነት ሁሉ ሥጋ ተጋርተን አናውቅም። የእሱን ቢላዋ እኔ አልበላም፤ የእኔን እሱ አይበላም። በባቄላ ግን ማንም አልከለከለንም። በማግስቱ፣ በሁለተኛው ቀን፣ አንድ ትልቅ ሳህን ፉል መካከላችን አስቀምጦ የመጣሁበትን ጠየቀኝ። ነገርኩት።

«ሶባ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው» አለ። «ግን ምንም የለበትም ይላሉ። አንተ ድንጋይ ከፈለግህ ናቃ ሂድ። በረሃ ላይ ነው፤ ጥንት ሮማውያን የሠሩት ግንብ እንዳለ ቆሟል። ዕቃ ይዞ ወደ ውኃ ጉድጓዱ የሚሄድ ሎሪ አለ፤ ሹፌሩ ደንበኛዬ ነው።»

«ሮማ ነው ያልከው?»

«ሮማ።»

ሮማ ሲባል እኔ የማውቀው ጴጥሮስና ጳውሎስን ነው። ሮማ የሠራው ቤተ ክርስቲያን ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ይህንኑ ለሐጅ ነገርኩት።

«እኔ ምኑን አውቄ፤ የእናንተ ነገር ነው» ብሎ የመጨረሻዋን ባቄላ ወሰዳት።

በሦስተኛው ቀን በሎሪ ወጣን። ከስኳር ጆንያ በላይ ተቀመጥኩ። መንገድ የለም፤ ሹፌሩ አሸዋው ደስ ባለው በኩል ይሄዳል። ከቀትር በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ የግራ እግሬ ጫማ የለም። የጋቢናውን ጣሪያ በጡጫ ደበደብኩ፤ ሹፌሩ አቆመ፣ ወርዶ ወደ ኋላ አየ፣ እኔንም አየ፣ ተመልሶ ገብቶ ነዳ። አልፈረድኩበትም። ያን ሁሉ አሸዋ ለአንድ አሮጌ ጫማ መልሶ የሚያርስ ሰው ቢሆን ኖሮ መጀመሪያም አልሳፈርበትም ነበር።

ናቃ የገባነው በአራተኛው ቀን ጠዋት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው የውኃው ጉድጓድ ነው። ከጥልቀቱ የተነሣ ገመዱን የሚስቡት አህዮች ናቸው። አህያይቱ ገመዱን ይዛ ርቃ ርቃ ትሄዳለች፤ እሷ እዚያ ማዶ ስትደርስ ነው ስልቻው እዚህ ብቅ የሚለው። መላው ሕይወቴ እንደዚያች አህያ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ግን እሷ ቢያንስ ውኃ ታወጣለች። ዘላኖቹ ትኩስ የግመል ወተት ሰጡኝ። እኛ ደግሞ የግመል ወተት አንጠጣም። እንዳላስቀይማቸው ብዬ «ጾም ነኝ» አልኳቸው።

«ረመዳን እኮ አልገባም» አለኝ አንዱ።

«የእኛ ሁልጊዜ ይገባል» አልኩት። ውሸት አይደለም። አዘኑልኝና ወተቱን አንሥተው ቴምርና ውኃ አመጡልኝ።

ከዚያ ግንቡን አየሁት። ትንሽ ነው፤ ግን ቆሟል። ዐምድ አለው፤ መስኮቶቹም ቅስት ናቸው፤ የፋሲል ግንብ መስኮት ከጎንደር ተነሥቶ በረሃ የወረደ ይመስላል። አንዷን ጫማዬን አወለቅሁ። አሸዋው እንደ ምጣድ ይፋጅ ነበር፤ ለበረከት ነው ብዬ ቻልኩት። ሦስት ጊዜ ሰገድሁ። መቃኑን በቀኝም በግራም ተሳለምሁ። በቃሌ የማውቀውን ዳዊት ደገምሁ፤ ለአባ ክንፈ፣ ለይርጋ፣ ለሚስቴ፣ ለሐጅ እድሪስም ሳይቀር ለመንሁ። አፈሩን በነጭ መሐረብ ቋጠርሁ። የቦታው ጠባቂ፣ ሽበታም ሰውዬ፣ እስክጨርስ ድረስ ከጥላው ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር። ስጨርስ እጄን ይዞ ፊት ለፊት ወዳለው ሌላ ቤት ወሰደኝ።

በዚያኛው ቤት ግድግዳ ላይ ከአበባ ውስጥ ቀጥ ብሎ የወጣ እባብ ተቀርጿል፤ ራሱ የአንበሳ ነው። ከወዲያ ደግሞ አንዲት ንግሥት፣ ዳሌዋ የበቅሎ ጭነት የሚያህል፣ ምርኮኞችን ጠጉራቸውን ጨብጣ ሰይፍ አንሥታለች።

«ይህች ቅድስት ማን ትባላለች?» አልኩት ጠባቂውን።

«ቅድስት?» አለ። «ይህች ንግሥት ናት። አንበሳው አምላካቸው ነው። ጣዖት ያመልኩ ነበር።»

«ያኛውስ? ሮማ የሠራው?»

«እሱም የእነሱ ነው። ሀዋጆቹ፣ ፈረንጆቹ፣ ሮማ የሚሉት ቅስቱን አይተው ነው። ክርስቲያን እዚህ የለም፤ እኔ እስከማውቀው የመጀመሪያው አንተ ነህ።»

ቁጭ አልኩ። የነፍስ አባቴን አደራ ይዤ፣ ዳዊቴን ይዤ፣ የአንበሳ ጣዖት ደጅ ስስም ማርፈዴ ነው። ጠባቂው ሐዘኔን አይቶ ሻይ አፈላልኝ፤ ለእግሬም ጆንያ ቀዶ ጠቀለለልኝ።

አምስተኛው ቀን መመለሻ ነበር። ስለ እሱ የምለው የለኝም፤ የስኳሩ ጆንያ ስለተራገፈ ባዶ ብረት ላይ ነበርኩ። ሐጅ እድሪስ የሆነውን ሲሰማ እስኪያልበው ሳቀ፤ ከዚያ የራሱን ጫማ ሰጠኝ። እግሩ ከእኔ ይበልጣል። በዚያ ጫማ ስራመድ ጫማው ቀድሞ ይሄድና እኔ እከተላለሁ።

በስድስተኛው ቀን ወደ ሶባ ሄድን። ሐጅ ከመንገዱ ዳር ሻይ ቤት ቀረ፤ «የፈረሰ ነገር አይቼ አላውቅም እንዴ፣ አንተን እያየሁ አይደል?» አለኝ። ብቻዬን በእርሻው መካከል ሄድኩ። ካቴድራል ነው የምፈልገው፤ ጳጳስ የተቀመጠበት ታላቅ ደብር። ያገኘሁት እሾህ፣ ፍየልና ጉብታ ነው። ከጉብታው ላይ የቀይ ጡብ ስብርባሪ ተዝርቷል። ከዚያ ሌላ ግድግዳ የለ፣ በር የለ። ፀሐዩ አናቴን ይወቅጠኛል፤ ጫማው ይጥለኛል። የሽማግሌ ፊኛ ደግሞ ቦታ አይመርጥም። ከጉብታው ጀርባ ዞሬ ውኃዬን ሸናሁ። ከዚያ ጡቡን ጠረግ ጠረግ አድርጌ ተቀመጥኩና ሐጅ የቋጠረልኝን ዳቦና ቴምር መብላት ጀመርኩ። የቴምሩን ፍሬ ወዲያ ወዲህ እተፋለሁ።

አንድ ነጭ ጀላቢያ የለበሰ ገበሬ መጣ። በልቼ እስክጨርስ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ። ከዚያ ሰላም ብሎኝ ስሙ ኡስማን እንደሆነ ነገረኝ።

«ምን ጠፍቶህ ነው፣ ያ ሐጅ?» አለኝ፤ እዚህ ሽማግሌን ሁሉ ሐጅ ይሉታል።

«ቤተ ክርስቲያን ነው የምፈልገው። የጥንቱን።»

«ተቀምጠህበታል» አለኝ።

ስነሣ ጫማው እዚያው ቀረ። ገበሬው ክንዴን ይዞ ደገፈኝ። ታሪኩን እያረፈ ነገረኝ። ደብሩ ከወደቀ በኋላ ሰው ጡቡን እየጫነ ወሰደ፤ የካርቱም ቤቶች የቆሙት በዚያ ጡብ ነው ይባላል። በኋላ ሀዋጆች መጥተው ቆፈሩ፣ ለኩ፣ አፈሩን መልሰው ሄዱ። የቀረው ከጉብታው አናት የተጋደመ አንድ ድንጋይ ዐምድ ነው። ወስዶ አሳየኝ። ቀዝቃዛ ነበር፤ በዚያ ፀሐይ እንዴት እንደቀዘቀዘ እኔ አላውቅም።

ዙሪያውን ስመለከት ማሽላው እስከ ጉብታው ጥግ መጥቶ በአንድ መስመር ላይ ቆሟል።

«ይህን ለምን አታርሰውም?» አልኩት። «ጥሩ አፈር ይመስላል።»

«ጥሩ አፈር ነው። አባቴ እንዳታርሰው ብሎኛል። እሱንም አባቱ። የእግዜር ቤት ነበር፣ ሰዎቹ ሄደዋል፣ ቤቱን አትንኩት ተብሏል።»

«ክርስቲያን ነበሩ እንዴ አባቶችህ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። እኛ እስላም ነን» አለና ትከሻውን ነቀነቀ።

የመጣሁበትን ነገርኩት። አካፋ አመጣ። ልዝገን ስል እጄን ያዘና ወደ ዐምዱ ወሰደኝ። «ከዚህ በኩል ውሰድ» አለ። «ከጀርባው በኩል አይሁን።» ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ይዞታል። አይቶኝ ነበር።

ቤቱ ወስዶ ኪስራ በባሚያ አበላኝ፤ ኪስራ ማለት ዓይን የሌለው ስስ እንጀራ ነው፤ ባሚያው ያድጠዋል። ሐጅ እድሪስንም ልኮ አስጠራው። ሁለቱ እኔ በማልደርስበት ፈጣን ዐረብኛ ስለ እኔ ሲያወሩ ሐጅ በየመካከሉ ጉልበቱን እየመታ ሲስቅ፣ ስለየትኛው ቦታ እንደደረሱ ሳይተረጎምልኝ አውቀው ነበር።

ሰባተኛውና ስምንተኛው ቀን በመንገድ አለቀ። በአውቶቡሱ ሁለት ቋጠሮ ይዤ ነበር፤ የናቃው በነጭ መሐረብ፣ የሶባው በጆንያ ቁራጭ። የናቃውን መዳኒ ላይ በመስኮት በተንሁት፤ ነፋሱ ግማሹን መልሶ ዓይኔ ውስጥ ጨመረው። ከዚያ እስከ ገዳሪፍ ድረስ ስለ አባ ክንፈ አሰብሁ። እኚህ ሰው ግድግዳ ነው የሚጠይቁኝ። እሾህና ፍየል ብላቸው «ይህማ የትም አለ» ይሉኛል፤ ይርጋም ተሸክሞ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበርኩ፤ የሰውን እውነት ማሳመር ሙያዬ ነው። አፈሩ እውነተኛ ነው፤ ግንቡን ብቻ ከናቃ ብዋሰው ማን ያውቃል? መንገዱን ሁሉ እያሳመርሁ መጣሁ።

ገዳሪፍ ስደርስ በቀጥታ ወደ እሳቸው ሄድኩ። ከስተው የአልጋው ጠፍር ከሥራቸው ይታይ ነበር። ይርጋ ከራስጌያቸው ተቀምጦ ዝንብ ይከላከላል።

«አገኘህ?»

«አገኘሁ፣ አባ።»

«ግድግዳ አለው?»

«ቆሟል። ዐምዱም መስኮቱም ደህና ነው፤ ልክ የፋሲል ግንብ ነው የሚመስለው።»

ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ፊታቸው በራ። ከዚያ ቀስ ብለው «መቅደሱ እንዴት ነው?» አሉኝ። «መጋረጃው የሚሰቀልበት ቦታ ይታወቃል? ምሥራቁ በየት በኩል ነው?»

ምሥራቁን አላስተዋልኩም። እዚያ የነበርኩት ጣዖት ስስም ነው። ይርጋን አየሁት፤ እሱም ያየኛል። ልዋሽ አፌን ከፈትሁ፤ ግን እኒያ ሰው ሠላሳ ዓመት ኃጢአቴን የሰሙ ናቸው፤ ድምፄ ሲቀጥን ያውቁታል።

«ደሴ» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «አሁን እውነቱን።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሮማውን፣ አንዷን ጫማ፣ የንግሥቲቱን ዳሌ፣ መቃኑን በቀኝም በግራም መሳለሜን። የሶባውን ስደርስ ይርጋን ውኃ አምጣ ብዬ ልኬው በሹክሹክታ ነገርኳቸው። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መሰለኝ፤ አልጋው ተንቀጠቀጠ። ይስቁ ነበር። ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ እስኪለቃቸው ደገፍኳቸው።

«እና ምንም የለም እዚያ» አሉ፣ ሲረጋጉ።

«አንድ ዐምድ። ፍየል። ሌላ የለም፣ አባ።»

«ሰውዬው ግን አያርሰውም?»

«አያርሰውም።»

«አባቱስ?»

«አባቱም አላረሰውም። የአባቱ አባትም።»

«እስላም ሆኖ።»

«እስላም ሆኖ።»

ይርጋ ውኃውን ይዞ ተመለሰ። ከጣሳው ጎንጨት አሉና፣ እኔን ሳይሆን እሱን አዩት።

«ትከሻህን አሳርፈው፣ ልጄ» አሉት። «እኔ እዚህ ነኝ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ጣዖቱን ለተሳለምህበት ምንም የለብህም፤ ሳታውቅ ነው። ለሌላውም ሳታውቅ ነው። ልትዋሸኝ ለነበረው ግን አርባ አንድ ስግደት።»

«አባ፣ ጉልበቴ...»

«ለጣዖቱ ስትሰግድ የት ነበር ጉልበትህ?»

ሰሊጡ ታጭዶ ሳያልቅ ዐረፉ። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው የመቃብር ሜዳ ቀበርናቸው፤ አራቱም ልጆች ተሸከሙ፤ መንገዱ ለግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። የሶባውን አፈር በእጄ በተንሁት። በማግስቱ ሐጅ እድሪስ የላከው ሰው መጥቶ ነበር፤ የኡስማንን ሰላምታ አደረሰኝ። ጉብታውን ዘንድሮም አላረሰም።

ቀኖናዬን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያልኩ ሰገድሁ፤ ይርጋ ከመሬት ያነሣኛል። አርባው ካለቀ ቆይቷል። አንዷ ቀርታለች። ሰዎች ጉልበቱ ነው ይላሉ፤ እኔም ጉልበቴ ነው እላቸዋለሁ። ግን እሷን የሰገድሁ ዕለት ከአባ ክንፈ ጋር ያለኝ ጉዳይ ሁሉ ያልቃል፤ ስለዚህ ለነገ እያልኩ አሳድራታለሁ።